የሳክስፎን ኤቱድ (የልምምድ ኖታ) መጽሐፍ ደሴ ላይ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ተጠንቀቁ

ዛሬ 2,400 ብር ከፍዬ ይዤው የገባሁት ፎቶኮፒ ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቴሌግራም ላይ ያማረ ሽፋን ይለጥፋሉ፣ «ኦሪጅናል፣ ከፈረንሳይ የመጣ፣ አንድ ብቻ ቀርቷል» ይላሉ፣ ቀብድ በቴሌብር ይቀበላሉ። እኔም ላክሁ። የፈለግሁት ፈረንሳዊው ሳክስፎን ነፊ ማርሴል ሙል ለሳክስፎን ያሰናዳውን የጀርመናዊውን አቀናባሪ የፈርሊንግን ኤቱድ ነው፤ 48ቱ የፈርሊንግ ከሙል 12 ጭማሪ ጋር፣ በጠቅላላው 60።

ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ወጣሁ። ፒያሳ ሱቁ ስደርስ መጽሐፉ በፕላስቲክ ታሽጓል። «ልክፈተው?» አልሁ። «ከተቀደደ አይመለስም። ምነው ወንድሜ፣ አታምነንም?» አለኝ ባለሱቁ። አፈርሁና ቀሪውን ከፈልሁ።

ስመለስ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቀደድሁት። የመጀመሪያው፣ ቀስ ያለው ኤቱድ አለ። ፈርሊንግ ከቀስታው ቀጥሎ ፈጣን ያመጣል፤ ገጹን ገለጥሁ፣ ነጭ ወረቀት። ቀጣዩ ቅጠል ከሌላ ኤቱድ መሃል ይጀምራል። የሉሁን አንድ ፊት ብቻ እያነሱ ነው የጠረዙት! ሻርፑ (ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ምልክት) የቀለም ጠብታ ሆኗል፣ የስለር ቅስቶቹ፣ ማለትም ኖታዎቹን በአንድ ትንፋሽ ያለ ምላስ የሚያያይዙት፣ ጠፍተዋል። የሙል 12 ጭራሽ የሉም። እነዚያ ቅስቶች ከሌሉ ምላሴን የት እንደማሳርፍ በምን አውቃለሁ?

ወርጄ በሌላ መኪና ተመለስሁ። ሱቁ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ከስልኳ ቀና አላለችም። ባለሱቁ ሁለት ቅጠል ገልጦ ወረወረልኝ፤ «ኖታ ያው ኖታ ነው። የጎደለውን ራስህ ሙላው፣ ሙዚቀኛ አይደለህ?» አለ። ሳቁብኝ። ሰው ፊት ቆሜ መልስ አጣሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ፈርሊንግ እነዚህን ኤቱዶች የጻፈው ለኦቦ፣ ለሌላ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፣ የሞተውም በ1874 ነው። የኦቦው ኖታ በነጻ፣ በሕጋዊ መንገድ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ በሳክስፎን ይነፋል። የፈረንሳዊው የክላሪኔት መምህር የክሎዜም የሳክስፎን የየዕለት ልምምድ እንዲሁ። ይህን እያወቅሁ የሙልን ዝግጅት በእጄ ለመያዝ ስጓጓ አንዲት ገጽ እንኳ ሳላይ ከፈልሁ።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት የ60ኛውን ኤቱድ ፎቶ ጠይቁ። ሳትገልጡም አትክፈሉ።

አሁን ይህን ስጽፍ ያው ፎቶ እንደገና ተለጥፏል። «አንድ ብቻ ቀርቷል» ይላል።