ለልጄ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ልጄን ፍጥነትና ቅልጥፍና የሚያሰለጥናትን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ አያርፍም። ልጆቻችሁ ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ወላጆች እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ቁመት አላት፤ አወራወሯም ያምራል። ስትከላከል ግን ተጋጣሚዋ ወደ ግራ አሳስታት በቀኝ ታልፋለች፣ እርሷ ዘግይታ ትዞራለች። "ቀርፋፋዋ" የሚል ስም ወጣላት። ፍጥነት እንጨምርላታለን ያሉንን ሁሉ ሞከርን። አንዱ ጋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ክብደት አስረው እስክትዝለፈለፍ ሜዳውን ያዞሯታል። ሌላው ጋ እረፍት የጠየቀ ልጅ በሰው ፊት ይሰደባል። ጉልበቴን አመመኝ ስትል "ሰበብ አታብዢ" ያላትን ሰው ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። በመጨረሻም "ተፈጥሮዋ አይደለም፣ ሌላ ነገር ፈልጉላት" ብለው አሰናበቱን። ያን ሰሞን ጫማዋን አልጋ ሥር ወርውራ ስለ ኳስ እንዳላነሣባት ለመነችኝ።

ይህ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ጨርሶ አላደከማትም። ወለሉ ላይ በርከክ አለና "ወደ እኔ ሩጪና እዚህ መስመር ላይ ቀጥ በይ" አላት። ደጋግማ አደረገችው። እርሱ ዓይኑን ከእግሯ አልነቀለም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በጣም በቀስታ፣ "ፍጥነትስ አለሽ፤ የቸገረሽ መቆሙ ነው። ጉልበትሽን ያምሻል አይደል?" አላት። ማንም አልነገረውም! ልጄ መልስ ከመስጠቷ በፊት እንባዋ ቀደማት። እርሱም "ሐኪም አይቷት ካልፈቀደ አልጀምርም" ብሎ ያን ቀን አንዲት ሳንቲም ሳይቀበል መለሰን። ስንቱ ገንዘባችንን ለመቀበል እንደተጣደፈ የማውቅ እናት ነኝና ይህን መቼም አልረሳውም።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ያሰራትን ሁሉ ዘርዝሩ ብትሉኝ አልችልም፤ ሙያው የእርሱ ነው። ዓይኔ ያየው ከዝላይ ስታርፍ ጉልበቷን እንድታጥፍ፣ ስትከላከል ዳሌዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ጎን እንድትንቀሳቀስ ሲያስተምራት ነው። ሩጫው አጭር ነው፣ እረፍቱ ረጅም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ሳይሰለች አስረዳኝ፦ "የደከመ እግር ፍጥነት አይለምድም። ሜዳው 28 ሜትር ቢሆንም ተከላካይን የሚያስጥለው የመጀመሪያው ሁለት ሦስት እርምጃ ነው።" አቤት ትዕግሥት! አቤት ትሕትና! አንድም ቀን ሲጮህባት አልሰማሁም።

በቅርቡ ባደረጉት ጨዋታ ተጋጣሚዋ እንደ ለመደችው በግራ አሳስታ በቀኝ ልታልፍ ስትል ልጄ ፊቷ ተደቅና ጠበቀቻት። ኳሱንም ነጠቀቻት። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እልል አልኩ።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ልፋቱን ይቁጠርለት። "አትችልም" ተብሎ አንገቱን የደፋ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት እርሱ ጋ ውሰዱት፤ አደራ ውሰዱት። ጉልበቱን የሚያመው ልጅ ካላችሁ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበሉ። አድራሻውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።