ሚስት የማትገባበት ምሽግ፦ የግሪንብራየር ጉብኝት በአንድ የሆቴል ጥገና ሠራተኛ ዓይን

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ አራት ሰዓት ገደማ ነድታችሁ ዌስት ቨርጂኒያ ስትገቡ ዋይት ሰልፈር ስፕሪንግስ የምትባል ትንሽ ከተማ ታገኛላችሁ። እዚያ ግሪንብራየር የሚባል ትልቅ ነጭ ሆቴል አለ። ከሆቴሉ ሥር ደግሞ የኑክሌር ጦርነት ቢነሳ የአሜሪካ ኮንግረስ ገብቶ እንዲቀመጥበት የተሠራ ምሽግ አለ። ድሮ የመንግሥት ሚስጥር ነበር። አሁን ቲኬት ተቆርጦ ይጎበኛል።

ማን እንደሚያወራችሁ ለማወቅ ያህል፣ እኔ ዲሲ ውስጥ አንድ ሆቴል ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ቦይለር፣ ጀነሬተር፣ የተደፈነ ቱቦ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውሎ "ቴሌቪዥኑ እምቢ አለኝ" የሚል እንግዳ፤ እንጀራዬ ይሄ ነው። ስለዚህ ሌላው ሰው ታሪክ ሲያይ እኔ የማየው ፓምፕ ነው። አብረውኝ የነበሩት ባለቤቴ፣ ሃይስኩል ያለችው ልጃችን እና ከደሴ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ናቸው። አማቴን "ዓለም ስታልቅ ትልልቆቹ ሰዎች የሚደበቁበትን ቦታ ላሳይዎት ነው" ስላቸው "ከእግዚአብሔር ነው የሚደበቁት?" አሉኝ። ዝም ብዬ ነዳጅ ሞላሁ።

መጀመሪያ ሆቴሉ። የቆየ ስም ያለው ነው። ሰው እዚያ የሚሄደው ለጠበሉ ነበር ቢባል ይቀላል፤ ፍል ውኃ ባይሆንም ድኝ ያለበት ምንጭ አለው፣ የከተማዋም ስም ከዚያ የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ መጀመሪያ የጀርመንና የጃፓን ዲፕሎማቶችን አቆየችበት፣ ቀጥላ የጦር ሆስፒታል አደረገችው። ከጦርነቱ በኋላ ዶሮቲ ድሬፐር የምትባል ስመ ጥር ዲኮሬተር ገብታ ግድግዳውን በትልልቅ አበባና በአረንጓዴ ሰንበር ሞላችው። አሁንም እንደዚያው ነው። ባለቤቴ ወደደችው። እኔ ዓይኔን አሞኝ ወደ ጣሪያው ነበር የማየው። የጣሪያው ሥራ ግን ንፁህ ነው፣ አንድ የውኃ ምልክት አላየሁም።

ምሽጉ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ፣ በፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ጊዜ ነው። ሆቴሉ አዲስ ክንፍ እየጨመረ ነው ተባለ። ክንፉ በእርግጥም ተሠራ፣ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር እየተቆፈረ ነበር። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር የተፋጠጡበት የኩባ ሚሳይል ቀውስ በ1962 ጥቅምት ሲነሳ ምሽጉ አልቆ ነበር። ስሙ "ፕሮጀክት ግሪክ አይላንድ"። የከተማው ሰው ያን ሁሉ ኮንክሪት ሲገባ እያየ ምን አሰበ? ማሰቡንስ አሰበ፣ ግን ዝም አለ። ሠላሳ ዓመት። በግንቦት 31 ቀን 1992 ቴድ ጋፕ የሚባል ጋዜጠኛ ዋሽንግተን ፖስት ላይ ዘረገፈው። ወዲያው ተዘጋ። ሚስጥሩ ከወጣ ምን ያደርጋል?

ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ስልክና ካሜራ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ልጄ ስልኳን ስታስረክብ ፊቷን ብታዩት ዓለም ያኔውኑ ያለቀ ነው የሚመስለው። ለእኔ ግን ተመቸኝ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሲሄድና አስጎብኚዋን ሲሰማ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አስጎብኚዋ ጠና ያለች፣ ረጋ ብላ የምታወራ፣ ጥያቄ የማይሰለቻት ሴት ናት። አማቴ በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ ልጄ ትተረጉማለች፣ እሷ ለአማቴ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ትመልሳለች። ይሄ ብቻውን አንድ ኮከብ ያስገኛል።

አሁን ወደ በሩ። የዋሻው በር 25 ቶን ይመዝናል። ግን ማጠፊያው ላይ ሚዛኑ እንዲህ ተስተካክሎ ተሰቅሏል፣ በ50 ፓውንድ ግፊት፣ ማለትም በ23 ኪሎ ገደማ፣ ይንቀሳቀሳል። እኛ መሥሪያ ቤት የኩሽናው ፍሪዘር በር ከዚህ የበለጠ ያታግለኛል። ያመረተው ሞዝለር የሚባል የካዝና ፋብሪካ ነው። የዚሁ ፋብሪካ ካዝና ሂሮሺማ ባንክ ውስጥ ቦምቡን ችሎ ተርፏል ይባልለታል፣ ድርጅቱም ማስታወቂያ ሠርቶበታል። እዚያ በር ጋ ቆሜ ማጠፊያውን ሳይ ቡድኑ ጥሎኝ ሄደ። ባለቤቴ ተመልሳ መጥታ በእጅጌዬ ጎተተችኝ።

በሩን አልፎ ረጅም ዋሻ። ቀጥሎ ሻወር። የሚገባው ሰው ሁሉ ልብሱን ያወልቃል፣ ጨረሩን ይታጠባል፣ የተዘጋጀለትን ልብስ ይለብሳል። ሴናተርም ቢሆን። ከዚያ መኝታ ክፍሎች፣ 18 ናቸው፣ ተደራራቢ የብረት አልጋ የሞላባቸው። በድምሩ 1,100 ለሚሆን ሰው የተሰናዳ ነው። አማቴ "የደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ማደሪያችን ይሄው ነው፣ እንዲያውም የእኛ መስኮት ነበረው" አሉ።

መስኮት ካልንማ ምግብ ቤቱ መስኮት ነበረው። የውሸት። የእንጨት ፍሬም ተሠርቶለት ከጀርባው የገጠር መልክዓ ምድር ተስሎበት። የቴሌቪዥን ስቱዲዮም ነበራቸው። አባላቱ ለሕዝብ ንግግር ሲያደርጉ ከኋላቸው የሚሰቀል የካፒቶል ሕንፃ ሥዕል ተዘጋጅቷል፣ የዛፎቹ ቅጠል ደግሞ እንደ ወቅቱ የሚቀየር ነው። ላይ ከተማው አመድ ሆኖ እዚህ የበልግ ቅጠል ይለጠፋል። ማን ሊያየው ነው? የትኛው ቴሌቪዥን ተርፎ? አስጎብኚዋን ይህን ጠይቄያት ፈገግ ብላ አለፈች።

እኔን የገዛኝ ግን የጥገናው ነገር ነው። እያንዳንዳቸው 25,000 ጋሎን የሚይዙ ሦስት የውኃ ታንከሮች። የናፍጣ ጀነሬተሮች። የአየር ማጣሪያ። ይህን ሁሉ የሚጠብቁት ሰዎች "ፎርሳይዝ አሶሺየትስ" በሚል ስም ሆቴሉ ውስጥ ቢሮ ነበራቸው፤ የሆቴሉ ቴሌቪዥን ጠጋኞች ተብለው ነው የሚታወቁት። የእንግዶችን ቴሌቪዥን የምር ይጠግኑም ነበር! ቀን አንቴና ያስተካክላሉ፣ ቀጥለው ወርደው ለዓለም ፍጻሜ ፊልተር ይቀይራሉ። መድኃኒቱ ጊዜው ሲያልፍ ይተኩታል። አልጋው ላይ የሚነበበው መጽሔት እንኳ እንዳያረጅ ይታደሳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አንድ እንግዳ ላልያዘ ሆቴል። እኔ ቅዳሜና እሑድ ክፍል ሲሞላ አማርራለሁ። እነዚህ ሰዎች ግን ሥራቸውን በትክክል ሠርተው፣ ጡረታ ወጥተው፣ ለጎረቤት እንኳ "ይሄን ሠራሁ" ማለት ሳይችሉ ኖረዋል። ለእነሱ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ለእነሱ የሚሆን ትንሽ ሐውልት ቢኖር እኔ አዋጣለሁ።

ደግሞ አንድ ተንኮል አለ። ሆቴሉ ለስብሰባ የሚያከራየው ሰፊ የኤግዚቢሽን አዳራሽ የምሽጉ አካል ነበር። ተሰብሳቢው ቡናውን ይጠጣል፣ ስላይዱን ያያል፣ ከጌጠኛው ግድግዳ ጀርባ ግን ቦምብ የሚችለው በር ተደብቋል። ሰው ሳያውቀው የዓለም መጨረሻ መጠለያ ውስጥ ብስኩት ሲበላ ከረመ።

ከዚያ ማቃጠያው ጋ ደረስን። ወረቀት ላይ የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያ ነው። ነገር ግን ውስጥ ሰው ቢሞት ወጥቶ አይቀበርምና አስከሬኑም የሚሄደው እዚያ ነበር። ልጄ ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎመችላቸው። አማቴ አማተቡ። "ሥጋ ይቃጠላል? ፍትሐት የለ፣ ለቅሶ የለ?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ልጄ፣ እነዚህ እድር የላቸውም?" አሉ። እኛ እዚህ ያለን እድር አስከሬን አገር ቤት ድረስ ይልካል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ያስቀቅላል። የአሜሪካ ኮንግረስ ግን እድር የለውም። እውነት ነው። ሳቄን ያዝኩት፣ ግን ጥያቄያቸው እስከ ቤት አልለቀቀኝም።

ትልቁ ጉድ ገና ነው። ዕቅዱ አባላቱንና ረዳቶቻቸውን ነበር የሚያስገባው። ሚስትና ልጅ የለበትም። የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ቲፕ ኦኒል ይህን ሲሰሙ ለቦታው የነበራቸው ፍላጎት እንደጠፋ ለጋዜጠኛው ተናግረዋል። ሚስቴን ጥዬ ልሮጥ ነው እንዴ፣ ነው ያሉት። ልጄ ወዲያው "ቆይ፣ ሚስት አትገባም፣ ረዳት ይገባል?" አለች። ባለቤቴ እኔን አየችኝ። "ምን ታይኛለሽ፣ እኔ ረዳት የለኝም" አልኳት። ቡድኑ ውስጥ የነበሩ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ምን እንዳልን ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ።

እስቲ አስቡት። የሰው ልጅ የመጨረሻ ቀኖች እነዚህ ናቸው ተብሎ፣ ለቅጠሉ ተጨንቀው፣ ለመነጽርና ለመድኃኒት ተጨንቀው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን አላሰቡም። ወይም አስበው ትተውታል። እኔ እንደ ሆቴል ሠራተኛ የምለው፣ እንግዳው የማይመጣበት ሆቴል ዕቅዱ ላይ ነው የከሰረው። ደግሞም ጊዜው አልፎበት ነበር። ምሽጉ የታሰበው ቦምብ በአውሮፕላን በሚመጣበት ዘመን፣ የሰዓታት ማስጠንቀቂያ አለ በሚል ነው። አኅጉር አቋራጭ ሚሳይል ከመጣ በኋላ ጊዜው 30 ደቂቃ ገደማ ሆነ። እኛ 66 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ይዞን ብቻ ከዚያ በላይ ቆመናል።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ወሬው ይሄው ሆነ። አማቴ "ስምንተኛው ሺ ነው፣ ምን ይደረግ" ሲሉ ልጄ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። በእኛ አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት 5,500 ዓመት አለ፤ ስለዚህ ሰባተኛው ሺ ያለቀው በ1500 ዓ.ም. ነው፣ ስምንተኛው ከገባ እንግዲህ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል ብዬ አስረዳኋት። "አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ሊያልቅ ነው እያላችሁ ነው?" አለች። አማቴ አልተቀየሟትም። "እኔ ሊያልቅ ነው ካሉኝ ደሴ ነው የምሄደው" አሉ።

"አውሮፕላን የለማ፣ እማዬ" አለች ባለቤቴ።

"በእግሬ። አንቺ ግን እህትሽን ሳትታረቂ ልትሞቺ ነው?"

መኪናው ጭጭ አለ። ባለቤቴና ዳላስ ያለችው እህቷ በአንድ ሠርግ ጥሪ ምክንያት ከተኳረፉ ቆይተዋል። ዝርዝሩን ብጽፈው እኔም ምሽግ ያስፈልገኛል። ስታንተን አካባቢ ስንደርስ ግን ስልኳን አውጥታ ደወለች። እህቷ አላነሳችም። ሽምግልናው ገና ነው።

ሥራ ቦታም በእረፍት ሰዓት ጥያቄውን አነሳሁት። ሶስት ቀን ብቻ ቀርቷል ቢባል ምን ታደርጋላችሁ አልኳቸው። ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ጓደኛዬ ምንም ሳያስብ "እናቴ ጋ እነዳለሁ፣ ሶስት ቀን ካልበቃ የደረስኩበት ልሙት" አለ። አንዱ አበሻ "ክሬዲት ካርዱን ሙልጭ አድርጌ እጨርሳለሁ፣ ከዚያ ዓለም ሳያልቅ ቢቀር ጉዴ ነው" አለ። ሌላዋ፣ የልብስ እጥበት ክፍል ያለች እህታችን፣ "ኦቨርታይም ይከፈላል?" አለች። ወደ ምሽግ እገባለሁ ያለ አንድም ሰው አላጋጠመኝም።

ለመሄድ ለምታስቡ። ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ዝም ብሎ ሄዶ መግባት አይሆንም። ጫማችሁ ለረጅም እርምጃ የሚሆን ይሁን፣ ምክንያቱም መቀመጥ እምብዛም የለም፤ አማቴ እንደምንም ጨረሱት፣ ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ግን ቲኬት ከመቁረጣቸው በፊት ደውለው ይጠይቁ። ሹራብ ያዙ። ሆቴሉ የሀብታም ሆቴል ነው፣ ምግቡን ከመቀመጣችሁ በፊት ዋጋውን እዩ። እኛ ፍርፍርና ዳቦ ቆሎ ቋጥረን ስለነበር 64 ቁጥር አውራ ጎዳና ዳር ማረፊያ ላይ ተቀምጠን በላን። ከዚያ ውጭ ያለው ተራራ በጥቅምት ወር ድንቅ ነው፣ ለቅጠሉ ብቻ የሚሄድም አለ። እውነተኛው ቅጠል።

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ሰጥቻለሁ። ግማሹን የቀነስኩት ከአስጎብኚዋም ከሆቴሉም ላይ አይደለም፣ ሚስቶቹን ከረሳው ሰው ላይ ነው። ባለቤቴ ግማሽ ብቻ መቀነሴን ስታይ "ለአንተ ያለ እኔ መግባት ግማሽ ኮከብ ነው?" አለችኝ። እየተደራደርን ነው።