ለሳልመን የሚሻለው የቱ ነው፦ መሰላል ወይስ ግድቡን ማፍረስ?

ሳልመን የሚባለው ዓሣ ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላል ለመጣል ደግሞ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። መንገዱ ላይ ግድብ ሲገጥመውስ?

አንዱ መፍትሔ የዓሣ መሰላል ነው፤ ዓሣው ግድቡን እንዲያልፍ የተሠራ ውሃ የሚወርድበት ደረጃ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሥራ የጀመረው በአሜሪካ የሚገኘው የኮሎምቢያ ወንዙ ቦነቪል ግድብ መሰላል አለው። ዓሣው በደረጃዎቹ ሽቅብ ይወጣል፤ መብራቱም አይቋረጥም። ትናንሾቹ ዓሦች ወደ ባሕር ሲወርዱ ግን ከፊሎቹ ተርባይን (ኃይል የሚያመነጨው በውሃ የሚሽከረከር መሣሪያ) ውስጥ ይገባሉ። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ውሃም ጉዟቸውን ያዘገየዋል።

ሌላው ማፍረስ ነው። በዋሽንግተን ግዛት የኤልዋ ወንዝ ሁለት ግድቦች መሰላል እንኳ አልነበራቸውም። የታችኛው ከባሕር 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለነበር ከዚያ በላይ ያለው ወንዝ ለመቶ ዓመት ያህል ለሳልመን ዝግ ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ክላላሞች፣ እንዲፈርሱ ለረጅም ዓመታት ታገሉ። ከ2011 እስከ 2014 ሁለቱም ፈረሱ። የታገደው ደለል ሲለቀቅ ውሃው ክፉኛ ደፈረሰ። ቆይቶ ግን ያው ደለል የተሸረሸረውን የባሕር ዳርቻ ሞላ፤ ሳልመንም ወደ ላይ ወጣ።

ቦነቪል ብዙ ኃይል ያመነጫል፣ መርከብም ያሳልፋል፤ ይፍረስ አልልም። ያረጀና ጥቂት ኃይል የሚሰጥ ግድብ ከሆነ ግን እኔ ለዓሣው እፈርዳለሁ። በአሜሪካው ክላማዝ ወንዝ አራት ግድቦች ፈርሰው ባለቁበት በ2024፣ ሳልመን በዚያው መከር ከግድቦቹ ቦታ በላይ ታይቷል።