የቦይለራችን አዲሱ የውሃ ማሳያ መስታወት፦ ከመስከረም እስከ ግንቦት

ጎንደር አዘዞ ላለው ላውንደሪያችን ቦይለር (እንፋሎት ለሚያመርተው ጋን) ሪፍሌክስ የሚባለውን የውሃ ልክ ማሳያ ያስገጠምነው መስከረም ላይ ነው። በመሃል ጥምቀት አልፏል። ያኔ የከተማው ሆቴል ሁሉ ስለሚሞላ አንሶላ ቀን ከሌት ነው የምናጥበው። እና በደንብ ተፈትኗል። ወድጄዋለሁ፤ ግን ገጥሞ መገላገል የሚባል ነገር የለም።

ድሮ የነበረን ክቡ የመስታወት ቱቦ ነው። ርካሽ ነው፣ ለመቀየርም አያስቸግርም። ጣጣው ሲሰበር ነው። ጎንደር ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቦይለር በ7 ባር ግፊት ሲሠራ ግን ውስጡ ወደ 170 ዲግሪ ይደርሳል። ቱቦው ከፈነዳ የሚወጣው እሱ ነው፣ ከነስብርባሪው። የእኛ ቦይለር ክፍል በር ደግሞ ለንፋስ የተጋለጠ ነው። የጠዋቱ ብርድ የጋለ ቱቦ ላይ ሲያርፍ ቢሰነጥቀው ምን ይገርማል? አዲሱ ወፍራም ጠፍጣፋ መስታወት ነው፤ ብረት ውስጥ በብሎን ታስሮ ይቀመጣል።

እይታው ግሩም ነው። መስታወቱ በውስጥ በኩል ቦይ ቦይ ተቆርጦበታል። ውሃ ያለበት ጥቁር፣ እንፋሎት ያለበት ብርማ ሆኖ ከበሩ ላይ ይታያል። የሌሊቱ ኦፕሬተራችን ባትሪ ይዞ ማጎንበስ ቀረለት። የውሃውን ቀለም ግን አያሳይም። በቱቦው ጊዜ ድፍርሱን በዓይን እናየው ነበር፤ አሁን ናሙና መቅዳት ግድ ሆኗል።

ዋናው ነገር አገጣጠሙ ነው። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ ቁልፍ ቀስ በቀስ ይጠብቃሉ። «እጄ ያውቀዋል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አሰናብቱት። አንዱ ጥግ ከሌላው በላይ ከጠበቀ መስታወቱ ገና ሳይሞቅ ተጨንቋል። መጀመሪያ ከሞቀ በኋላ ጋስኬቱ (መስታወቱና ብረቱ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ስለሚረግብ፣ ግፊቱ ወርዶ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይፈተሻል። ግፊት እያለ ዳዶ መንካት የለም። አንዴ የወጣ መስታወትና ጋስኬትም ተመልሶ አይገባም። ሻጩ የላከልን መለዋወጫ ጋስኬት ልኩ አልነበረም። ስደውልለት «በመቀስ አስተካክለው» አይለኝም! በመቀስ የተከረከመ ጋስኬት ላይ መስታወቱ እኩል አያርፍም። ጋስኬቱን ቀየረልን፣ ግን ከስንት ስልክ በኋላ።

መብራት ሲሄድ እሳቱን የሚያነደው በርነርም ፓምፑም ይቆማሉ። ቦይለሩ ይቀዘቅዛል፣ ሲመጣ እንደገና ይግላል። ጋስኬቱን የሚያላላው ይሄ ምልልስ ነው። ጌጁ (የውሃ ልክ ማሳያው) ተዘግቶ ከቆየ ማፍሰሻውን ከፍተን የእንፋሎቱን ቫልቭ ትንሽ ብቻ ገርበብ እናደርጋለን፣ መስታወቱ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ። ከዚያ ማፍሰሻው ይዘጋና ሁለቱም ቫልቮች በቀስታ እስከ መጨረሻው ይከፈታሉ። ግማሽ ላይ መተው አደገኛ ነው። መስታወት ሲሰበር ፍሰቱን የምትዘጋ ኳስ ውስጡ አለች፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ መቀመጫዋ ላይ ላትደርስ ትችላለች።

ሌላው የመስታወት ጠላት ራሱ ውሃው ነው። ሶፍትነር (ውሃ ማለስለሻ) አለኝ ብሎ መኩራራት አያዋጣም። ሶፍትነር ካልሲየሙን ያስቀራል እንጂ ባይካርቦኔቱን አይነካውም። እሱ ቦይለር ውስጥ ወደ ኮስቲክ ሶዳ ይለወጣል፣ ትኩስ ኮስቲክ ደግሞ መስታወት ይበላል። ሚካ የሚባለው ስስ መከላከያ የሚሠራው ለስላሳ ገጽ ላለው ዓይነት ነው፤ ቦይ ላለው አይሆንም። የእኛው ሰሞኑን ከላይ በኩል ብርማው ግራጫ እየሆነ ነው። ቦይለሩ ቆሞ ሲቀዘቅዝ በባትሪ አግድም አብርተን አየነው፤ ስንጥቅ የለውም። ቢሆንም አዲስ መስታወት ከነጋስኬቱ አዝዣለሁ።

ዋጋው ከቱቦው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኔ ግን ደግሜ እገዛዋለሁ። ሁለተኛው ጌጃችን እስካሁን ቱቦ ነው። ክረምት ላይ እንግዳ ሲቀንስና ሥራ ሲቀዘቅዝ እሱንም እናስቀይረዋለን። እስከዚያ የቱቦውን መከላከያ ሽፋን ማንም እንዳያነሳው ብያለሁ።