ኬሞ ለጀመራችሁ እህቶች፦ አንዲት ፀጉር ሠሪ ልጠቁማችሁ

ይህ ጽሑፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው ገርጂ አካባቢ ለምትሠራ አንዲት ፀጉር ሠሪ ነው። ጥቆማው ደግሞ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ልትጀምሩ ቀጠሮ ለተያዘላችሁ፣ ወይም እናታችሁ፣ እህታችሁ፣ ጓደኛችሁ ለተያዘላት ሁሉ። ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለለመነችኝ እዚህ አልጽፈውም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

የእኔ የጡት ካንሰር ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም በብዛት የሚታየው ካንሰር እሱ ስለሆነ፣ ከቤቷ ወይ ከጎረቤቷ አንድ ሰው የማታውቅ ሴት ያለች አይመስለኝም። ቀዶ ሕክምናው አልፎ ኬሞ ሲታዘዝልኝ ዶክተሩ ስለ ማቅለሽለሹ፣ ስለ ደም ሴል መውረዱ፣ ስለ ልብ ምርመራው ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ፀጉሬ ላይ ሲደርስ «ይረግፋል፣ ግን ተመልሶ ይበቅላል» ብሎ አለፈው። እውነቱን ነው። ግን «ይረግፋል» ካለው እስከ «ይበቅላል» ድረስ ያሉትን ወራት በምን ራሴ ወጥቼ እንደምገባ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ኬሞ የሚያጠቃው ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ነው። ካንሰሩ ቶሎ ይባዛል። የፀጉር ሥርም እንደዚያው። መድኃኒቱ ሁለቱን አይለይም። ለእኔ የተሰጠኝ ብዙዎቻችን «ቀዩ መድኃኒት» የምንለው ዶክሶሩቢሲን ነበር፣ ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር፣ በየ21 ቀኑ። (ከወሰዳችሁ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንታችሁ ቀይ ቢሆን አትደንግጡ። የመድኃኒቱ ቀለም ነው።) እሱን ወስዶ ፀጉሩ የሚተርፍለት ሰው እምብዛም የለም። ብዙውን ጊዜ መርገፍ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው።

ሁሉም ኬሞ ግን እንደዚህ አያደርግም። ጭራሽ የማያረግፍ አለ፣ የሚያሳሳ ብቻም አለ። የጨረር ሕክምና ደግሞ ፀጉር የሚያረግፈው ባረፈበት ቦታ ብቻ ነው። ደረቷ ላይ ጨረር የታዘዘላት ሴት ከወዲሁ ራሷን መላጨት አያስፈልጋትም። የመድኃኒታችሁን ስም ይዛችሁ ሐኪማችሁን በግልጽ ጠይቁ።

ኬሞ ሳልጀምር አጭር ልቆረጥ ብዬ አንድ ፀጉር ቤት ገብቼ ነበር። ስሙ ይቅር። «እንዲህ ያለ ፀጉር ይቆረጣል እንዴ? ማን ሞቶብሽ ነው?» ስትል ጮክ ብላ ጠየቀችኝ። ካስክ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን አወጡ። አልፈርድባትም። እኛ አገር ፀጉሯን የሸለተች ሴት ወይ ሐዘንተኛ ናት ወይ መንኩሳለች። ሦስተኛ ምክንያት ለሰው አይታየውም። ምንም ሳልመልስ ወጣሁ።

ይቺን ልጅ የጠቆመችኝ ኬሞ ስንወስድ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ናት። እኔም ለእናንተ የምጠቁማት ለዚያ ነው።

ቀጠሮ የሰጠችኝ ሰኞ ጠዋት ነበር። ሰኞ ፀጉር ቤት ጭር ይላል። በዚያን ጊዜ የራስ ቆዳዬ መታመም ጀምሮ ነበር። ይህንንም ማንም አይነግራችሁም። ፀጉሩ ሊረግፍ ሲል ቆዳው ይቆጣል፣ ማበጠሪያ ሲነካው ያማል። በሩን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች። «ማየት ካልፈለግሽ ወንበሩን ላዙረው?» አለችኝ። አዙሪው አልኳት።

ምላጭ አላወጣችም። ቶንዶሱን በአልኮል ጠረገች፣ ማበጠሪያውን ገጠመችበት፣ ትንሽ አስቀርታ ነው የቆረጠችው። በኬሞ ጊዜ ነጭ የደም ሴል ስለሚወርድ ምላጭ የጫረው ቦታ ሊመረቅዝ ይችላል። ይህን የሰማሁት ከእሷ ነው፣ ኋላ ነርሷን ስጠይቃት ልክ ናት አለችኝ። ከቀናት በኋላ የቀረው አጭሩ ፀጉር ትራስ ላይ እየረገፈ ይወጋኝ ጀመር። ተመልሼ ስሄድ ሰፊ ስኮች መዳፏ ላይ ገልብጣ ጠቀለለችና ሳታሸኝ፣ ቀስ አድርጋ ነካ እያደረገች አነሳችው። ስኮቹ ሲሞላ ትጥላለች፣ ሌላ ትቆርጣለች። ያን ሌሊት ተኛሁ።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ልታስታምመኝ መጥታ ስለነበር በመጀመሪያው ቀን አብራኝ ገብታለች። ማሽኑ ሲጮኽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና «በቁሜ ምን አሳየኝ!» ማለት ጀመረች። ለእሷ ሰው ሳይሞት ራስን መላጨት ሟርት ነው። እኔም እንባዬ መጣ። ልጅቷ ማሽኑን አጠፋችና ከመደርደሪያ አንድ የጥጥ ሻሽ አወረደች። «እማማ፣ ይሄ ጠርዙ እየተተረተረ ነው፤ መርፌና ክር መሳቢያው ውስጥ አለ፣ እስቲ ይዘምዝሙልኝ፣ ልጅዎ እሱን አስራ ነው የምትወጣው» አለቻት። እናቴ መነጽሯን ፈልጋ፣ ክሩን መርፌው ዓይን ውስጥ እስክትከት ግማሹ ራሴ አልቆ ነበር። ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለ ዘንድሮ ክር አለመርባት ሆነ። ሻሹን ዛሬም አስረዋለሁ፣ የእናቴ ዝምዝማት እንዳለ ነው።

ሒሳብ ስላት ተቀበለችኝ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። ይህ ምኑ ያስመሰግናል ትሉ ይሆናል። ከታመምኩ ወዲህ ባለሱቁ «ይቆይ» ይለኛል። የሰፈራችን ባለታክሲ ብሬን ይመልስልኛል። እግዜር ይስጣቸው፣ ደግነታቸው አይጠፋኝም። ግን ሰው ሁሉ ሒሳብ ሲተውልሽ ተስፋ የቆረጡብሽ ይመስልሻል። እሷ ቆጥራ ተቀበለች፣ መልሴን ሰጠችኝ፣ «የሚቀጥለው ሰኞ ነይ» አለችኝ። አቅም የሌላትን ግን አታስከፍልም። ከክፍለ ሀገር መጥተው ጥቁር አንበሳ ለሚታከሙ ሴቶች በነጻ ስትሠራ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ ዊግ ምክሯ ወርቅ ነው። እኔ ወፍራም ሂውማን ሄር ልገዛ መርካቶ ልወርድ ስል ከለከለችኝ። ፀጉር የሌለው ራስ ላይ ከባድ ዊግ ያሳክካል፣ ያልባል፣ ደግሞም ይንሸራተታል። ቀለል ያለ፣ አጠር ያለ ግዢ፣ ከሥሩ የጥጥ ቆብ አድርጊ አለችኝ። ፀጉር ሲያልቅ ራስ ስለሚያንስ ዊጉን ከኋላ በመርፌ አጠበበችልኝ። አንድ ማስጠንቀቂያም ሰጠችኝ፦ አርቲፊሻል ዊግ አድርጋችሁ እንጀራ አትጋግሩ። የምጣዱን ክዳን ስታነሱ የሚወጣው እንፋሎት ከፊት ያለውን ፀጉር ያኮማትረዋል፣ ተመልሶም አይስተካከልም። አንዲት ምስኪን ይህን ሳይነገራት ጋግራ የተበላሸባትን ዊግ ለማስተማሪያ አስቀምጣዋለች፣ እኔም አይቼዋለሁ።

በእውነት ግን እኔ ከዊጉ ይልቅ ሻሽ ነው የተስማማኝ። አስተሳሰሩን አስተማረችኝ። የሚያንሸራትት ጨርቅ ሳይሆን ጥጥ፣ ከኋላ ቋጠሮው ዝቅ ብሎ፣ ከፊት ትንሽ ከፍ ብሎ። ለቤተ ክርስቲያን ነጠላው ከላይ ሲመጣ ማንም አይለይም። ማታ ራስ ስለሚበርድ የሹራብ ቆብ፣ ቀን ደግሞ ባዶ ራስን ፀሐይ እንዳያገኘው። ያቺ አጠገቤ ኬሞ የምትወስደው ሴት ሙስሊም ናት። እሷ ስትመጣ ፀጉር ሠሪዋ በሩ ላይ ሰው አቁማ ወንድ እንዳይገባ ታስጠብቅላታለች።

ፓክሊታክሰል ወደሚባለው ሌላ የኬሞ መድኃኒት ስሸጋገር ቅንድቤና ሽፋሽፍቴ ሳሱ። ከፀጉሬ ይልቅ ይሄ ነው የጎዳኝ። ሻሽ ለቅንድብ አይሆንም። እርሳሱን ይዛ አንድ ወፍራም መስመር ከመሳብ ይልቅ ትንንሽ ጭረት እያደረገች፣ ፀጉር በፀጉር፣ አሳየችኝ። ከፊት በኩል ሳሳ፣ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ፀጉሩ በሚበቅልበት አቅጣጫ። እርሳሱንም ኩሉንም የራሴን እንድይዝ ነገረችኝ፣ ከሌላ ሰው እንዳልዋስ።

ሰው ምክር አያልቅበትም። ቀይ ሽንኩርት ቀቢ፣ ሬት ቀቢ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቅቤ። እሷ ሸጣልኝ ልታተርፍ ትችል ነበር፣ መደርደሪያዋ ቅባት በቅባት ነው። «ኬሞ ላይ ሆነሽ የሚያበቅል ቅባት የለኝም፣ ሌላ ቦታም አትግዢ» አለችኝ። ቅቤውን በሽታው ምክንያት እኔ ራሴ አልችለውም ነበር። ያኔ ሽታ ሁሉ ጠላቴ ነው። እኔ ስመጣ ስፕሬይ እንዳይረጭ ለሠራተኞቿ ነግራለች።

ኬሞው አልቆ ፀጉሬ ብቅ ሲል ለስላሳ ነበር፣ እንደ ጫጩት። ከዚያ ጠቆር፣ ጠንከር አለ፣ መጠቅለልም ጀመረ፤ ድሮ እንደዚያ አልነበረም። ብዙ ሰው ላይ ካለቀ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ መብቀል ይጀምራል፣ በወርም አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። እንደ ዶሴታክሰል ባሉ አንዳንድ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ ሳስቶ የሚቀርም ስላለ ያልበቀለላችሁ ዝም አትበሉ፣ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ለእንቁጣጣሽ ሹሩባ ካልተሠራሁ ብዬ ሄድኩ። ጣቷን ፀጉሬ ውስጥ ከተተችና «ገና ነው» አለችኝ። «ይቀጠልልኝ?» «ሥሩን ይጎትተዋል፣ አልሠራልሽም።» «ቀለምስ?» «ሂጂ ወደዚያ!» በዓል ዋዜማ ላይ፣ ሰው ተሰልፎ፣ ብር የያዘ ደንበኛ የሚመልስ ፀጉር ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዳር ዳሩን አስተካክላ፣ ሎሚ የሚያህል ጎፈሬ ሠርታልኝ ላከችኝ። አምሮብኝ ነበር፣ አልደብቅም።

እንከኗንም ልንገራችሁ፣ ሄዳችሁ እንዳትታዘቡኝ። ሰዓት አታከብርም። ሦስት ሰዓት ካለቻችሁ አራት ሰዓት በሉት። ወሬ ታበዛለች፣ በተለይ ስለ አርሴናል ከጀመረች አታቆምም። ዝምታ የምትፈልጉ በግልጽ ንገሯት፣ አትቀየምም።

ቅዳሜና የበዓል ሰሞን አትሂዱ፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይሻላል። የደም ሴላችሁ ወርዶ ከቤት መውጣት ከተከለከላችሁ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ የታክሲዋን ብቻ ቻሏት። የራሳችሁን የጥጥ ሻሽና ንጹሕ ፎጣ ያዙ። ስትደውሉ ኬሞ ላይ እንዳላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ሰዓቱን ለብቻ ትይዝላችኋለች። ስልክ ካላነሳች እጇ ሰው ራስ ላይ ነው ማለት ነው፣ ማታ መልሳ ትደውላለች።