ካምቢዮ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ለድሬና ለደንገጎ መንገድ ይሆናል?

ድሬዳዋ ውስጥ መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ «አውቶማቲክ ካምቢዮዬ አልይዝ አለኝ» በሉ። ሻጩ ቶሎ ብሎ በጠርሙስ የታሸገ ወፍራም ፈሳሽ ያወጣላችኋል። የካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ዘይት ላይ የሚጨመር ነው። እኔም 2003 ሞዴል ኮሮላዬ ላይ ሞክሬዋለሁ። ለአንድ ችግር በደንብ ይሠራል። ለሌላው ግን ብራችሁን አታውጡ።

መኪናዬ ጠዋት ዲ (ወደፊት መሄጃ) ላይ ሳስገባት ቶሎ አትነሳም ነበር። ካደረችበት ቦታ ደግሞ ቀይ ጠብታ አይጠፋም። ሳቢያን ያለው መካኒኬ ጠርሙሱን ከመክፈቱ በፊት የዘይት መለኪያውን መዘዘ። ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረገው፣ አሸተተው። «አቦ፣ ዘይትሽ ጠቁሯል እንጂ አልተቃጠለም። መጀመሪያ ይቀየር» አለኝ። ጎበዝ ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው። ለኔ መኪና የሚሆነውን ቲ-ፎር ዘይት ሞላ፣ ፊልተሩንም ቀየረ። አነሳሷ ወዲያው ተስተካከለ። ጠርሙሱ ገና እንደታሸገ ነበር!

ፈሳሹን የጨመርነው ለጠብታው ነው። የደረቁትን ኦይል ሲሎች (ዘይት እንዳይፈስ የሚዘጉ የጎማ ቀለበቶች) ያለሰልሳል፣ ትንሽም ያሳብጣቸዋል። ውጤቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ አሁን ካርቶን ባነጥፍ እንኳ ደረቅ ያድራል። የተበላ ፍሪሲዮን (ኃይል የሚያስተላልፈው ክላች) ወይም የተበላሸ ሶሌኖይድ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ግን በፈሳሽ አይድንም። ዘይታችሁ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው ጠርሙሱን ተዉትና ካምቢዮውን አስፈትሹ።

ለኛ አገር ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። ይህን ከፍታ ዕቃ ጭኖ በመሃላቸው ባለው በደንገጎ ዳገት ሲወጡት ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት ይግላል፤ የጋለ ዘይት ደግሞ ቶሎ ያረጃል። እኔ ዳገቱ ላይ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አወርዳታለሁ፣ ወዲህና ወዲያ እየቀያየረች እንዳትጨነቅ። ራዲያተሩንም አጸዳለሁ። እንደኔ ባሉ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው እዚያው ውስጥ አልፎ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አያስብም።

አንድ ነገር ግን በጣም አናደደኝ። አንድ ሻጭ ሲቪቲ ካምቢዮ ላላት ቪትዝ ይህንኑ ፈሳሽ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ሲሸጥ አየሁ። ኧረ አይሆንም! ሲቪቲ የሚሠራው በቀበቶና በፑሊ ነው። ቀበቶው ፑሊውን አጥብቆ የሚይዘው ለእሱ በተሠራ ዘይት ነው። ጠርሙሱ ላይ ለሲቪቲ እንደሚሆን ካልተጻፈ አታስጨምሩ።

አጨማመሩ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካምቢዮው ሙሉ ከሆነ መጀመሪያ የዚያኑ ያህል ዘይት ይቀነስ። ዘይት ሲበዛ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሰጥም። የኔዋን የምንለካው ሞተሩ ሞቆ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ (ማቆሚያ) ላይ ሆኖ ነው።

ድጋሚ እገዛዋለሁ? ጠብታው ከተመለሰ፣ አዎ። ለማርሽ ችግር ግን ብሬን አዲስ ዘይት ላይ አውለዋለሁ።