የሚነቃነቅ ወንበር ወይስ ቋሚ? የበረራ ሲሙሌተር ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴ ፒያሳ ጌም ቤት ያለው ጓደኛዬ ሰሞኑን ደውሎ «የበረራ ሲሙሌተር (አውሮፕላን ማብረርን የሚያስመስል ማሽን) ላስገባ ነው፤ የሚነቃነቀውን ወንበር ልግዛ ወይስ ቋሚውን?» አለኝ። በአንድ ቃል የሚመለስ አልሆነም፤ ይኸው ለእናንተም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሚኒባስ ስትወርዱ ዓይናችሁን ጨፍኑ (ሹፌር ካልሆናችሁ!)። ኩርባው ሲጀምር ሳታዩም ታውቁታላችሁ። የሚነግራችሁ የውስጥ ጆሯችሁ ነው። ዓይን ብቻውን «እየዞርኩ ነው» ብሎ እስኪያምን ይዘገያል፣ ጆሮ ግን ቶሎ ይሰማዋል። የአብራሪን እጅ በሒሳብ ሞዴል የሚገልጹ መሐንዲሶችም ዓይን ያየው ወደ እጅ ከሚደርስበት መንገድ ጎን ጆሮ ለሚሰማው ሌላ መንገድ የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ። መሣሪያ ማንበብ፣ ሬዲዮ፣ ኮምቦልቻ ለማረፍ የሚኬድበትን ቅደም ተከተል ለመለማመድ ቋሚው ይበቃል። የተረፈውን ብር ጥሩ ስቲክ (በእጅ የሚያዘው የማብረሪያ ዘንግ) እና ፔዳል ላይ አውሉት። የሚነቃነቀው ዋጋውን የሚያወጣው አልረጋ የሚል ነገር ስትይዙ ነው፦ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ሄሊኮፕተር፣ ወይም ድንገት ከጎን የሚገፋ ነፋስ። እዚያ ላይ ሰውነት ቀድሞ ስለሚያውቅ እጅ ቀድሞ ያርማል። ስክሪን ላይ ያለ መስመር መከተል ብቻ ከሆነ ግን ጥቅሙ ያንሳል።

ደግሞ ወንበሩ ረጅም ርቀት መሄጃ የለውም። ትንሽ ይገፋችኋል፣ ከዚያ ሳታውቁት ቀስ ብሎ ወደ መሐል ይመለሳል፤ የቀረውን በማዘንበል ያታልላችኋል፣ የራሳችሁን ክብደት እንደ ግፊት እንድትቆጥሩት። የሚረዝሙና የሚያጥሩ 6 እግሮች ያሉት ወንበር በሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ባለ 2 ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ግራና ቀኝ ከማዘንበል አያልፍም።

ዋናው ግን መዘግየቱ ነው። ወንበሩ ከምስሉ ወደ ኋላ ከቀረ ባይነቃነቅ ይሻላል፤ እጅ ስህተት ይለምዳል፣ ደንበኛችሁም ያቅለሸልሸዋል። ሻጩ ፊት ስልካችሁን አውጡና በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳው ስሎው ሞሽን ቅረጹ፣ ስቲኩን ድንገት ሳቡ፣ ወንበሩ እስኪነሳ ስንት ምስል እንዳለፈ ቁጠሩ። 24 ከሆነ 100 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያ ካለፈ እኔ አልገዛም።

መብራት ሲጠፋ ወንበሩ ምን እንደሚሆን ጠይቁ፣ ልጅ ተቀምጦበት እያለ ማለቴ ነው። ቀስ ብሎ ይወርዳል ወይስ ዘጭ ይላል?

ለጌም ቤት ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር ልጅ የሚሰለፈው ለሚነቃነቀው ነው። ጓደኛዬ ስቲኩን ገዝቷል፤ ወንበሩን ግን ገና ምስል እየቆጠረ ነው።